ቢሮው የማን ነው? ዩኒቨርሲቲ ሲታጠፍ ቁልፉ ማን ኪስ ይገባል

ከእረፍት ወደ ግቢ የተመለሰ ተማሪ ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ወረቀት አለች። በፕላስተር በር ላይ የተለጠፈች፣ «ይህ ቢሮ ወደ ሌላ ሕንፃ ተዛውሯል» የምትል። የትኛው ሕንፃ? ስንተኛ ፎቅ? አንዳንዴ ተጽፎባታል፣ አንዳንዴ ግማሿን ነፋስ ወስዷታል። ተማሪው ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይጥላል፣ «ሰዎች፣ ዲፓርትመንታችን የት ገባ?» ይላል። ሦስት ሰው ይስቃል፣ አንድ ሰው በግምት ይመልሳል።

ወረቀቷ እንዲህ ቀልድ ሆና ታልፋለች። እኛ ግን ቆም ብለን ልናያት ይገባል ባይ ነን። በዩኒቨርሲቲዎቻችን አሁን እየተካሄደ ያለው ለውጥ ሁሉ በስተመጨረሻ የሚያርፈው እዚህች ላይ ነው። ማን የትኛውን ክፍል ያዘ? ማን ለቀቀ? የተለቀቀውስ ለማን ተሰጠ? መዋቅር በስብሰባ ይጸድቃል፣ ቁልፍ ግን ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚሄደው።

ለምን አሁን?

እስከ 1992 ዓ.ም. ገደማ ኢትዮጵያ የነበሯት ዩኒቨርሲቲዎች 2 ብቻ ነበሩ፤ አዲስ አበባና ዓለማያ (የዛሬው ሐረማያ)። ከዚያ ባሕር ዳር፣ ጅማ፣ መቀሌና የዛሬው ሐዋሳ ተጨመሩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በአንድ ዙር 13 አዳዲስ መጡ፤ ደብረ ብርሃን፣ ወሎ፣ ድሬዳዋ፣ ሠመራ፣ ወላይታ ሶዶ፣ ጅግጅጋ ከእነሱ መካከል ናቸው። አሁን የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በልጠዋል። ያ ሁሉ ሕንፃ ሲቆም የታሰበው አንድ ነገር ነው፤ ተማሪ በየዓመቱ እየጨመረ ይመጣል።

ከዚያ የ12ኛ ክፍል ፈተና ተቀየረ። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ 50 ከመቶና በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ሆነ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። የመጨረሻውን በሰው ቁጥር እንየው ካልን፣ 585,882 ተፈትኖ 48,929 አለፈ። ይህ ከ40 በላይ ለሆኑት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች እኩል ቢካፈል ለአንዱ 1,200 ተማሪ አይሞላም። በሬሚዲያል የሚገቡት ይጨመሩበታል፣ ወደ ግል ኮሌጅ የሚሄዱት ደግሞ ይቀነሱበታል። የትኛውም ሂሳብ ቢሠራ ግን ሕንፃዎቹ ለዚህ ቁጥር አልተሠሩም።

በዚህ ላይ ሁለት ነገር ተደረበ። አንደኛው ልየታው ነው። ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር፣ የተግባር ሳይንስ እና አጠቃላይ ተብለው ተለዩ፤ የምርምር የተባሉት 8 ናቸው። ይህ ማለት አንዱ ጋ የሚሰፋ ትምህርት ሌላው ጋ ይጠባል ማለት ነው። ሁለተኛው ራስ ገዝነት ነው። አዋጁ በ2015 ዓ.ም. ወጣ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆነ፣ ኮሌጆቹንና ትምህርት ክፍሎቹንም እንደገና አደራጀ። ሌሎችም በዚያው መንገድ እንዲሄዱ እየተዘጋጁ ነው። ዲፓርትመንት ሲዋሃድ ሰው ይዛወራል። ሰው ሲዛወር ጠረጴዛ ይዛወራል። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጀምረው።

ባዶ ሕንፃ፣ የጠፋ ቢሮ

እሺ፣ ተማሪ ከቀነሰ ቦታ ተትረፍርፏል ማለት ነዋ? ግቢ ግቡና ባዶ ቢሮ ጠይቁ። የለም ትባላላችሁ። አንድ ክፍል ውስጥ ለአምስት ለስድስት ሆነው የሚቀመጡ መምህራን ያሉበት ግቢ ብዙ ነው። ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን አድቫይዘሩ ጋ የሚያሳየው ላውንጅ ውስጥ፣ በማኪያቶና በጫጫታ መሀል ነው። በዚያው ሕንፃ ላይ ግን ዓመት ሙሉ የተቆለፈ በር አለ፤ ውስጡ የተሰበረ ወንበር፣ የድሮ ፈተና ወረቀትና ያረጀ ሲፒዩ ተከምሯል። ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ ሶፋ የተዘረጋበት፣ ከፊቱ የጸሐፊ ክፍል ያለው ሰፊ የኃላፊ ቢሮ።

ሁለቱ ነገሮች አብረው እንዴት ይኖራሉ? የእኛ መልስ ቀላል ነው። ማንም ስለማይቆጥር።

ቆይ፣ እንዴት አይቆጠርም? በየቦታው እኮ መዝገብ አለ! ልክ ነው፣ አለ። ሬጅስትራር የትኛው ክላስ በስንት ሰዓት እንደተያዘ ያውቃል። ጠቅላላ አገልግሎት ቁልፉን ያውቃል። ንብረት ክፍል ወንበሩን ያውቃል። አይሲቲ የኔትወርክ መስመሩ የት እንደደረሰ ያውቃል። የሕንፃው ፕላን ደግሞ የግንባታ ፕሮጀክት ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ የራሱን ቁራጭ ይዟል። ቁራጮቹን አንድ ገጽ ላይ አስቀምጦ «ይቺ ክፍል ስንት ሰው ትይዛለች፣ አሁን ማን ነው ያለባት፣ በሳምንት ስንት ሰዓት ትሠራለች» ብሎ የሚመልስ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የለም። ስለዚህ ሽግሽግ ሲመጣ ውሳኔው የሚያርፈው በማወቅ ላይ ሳይሆን በመደራደር ላይ ነው። ድምፁ ወፈር ያለ ዲን ፎቁን ይይዛል።

ዲፓርትመንቶቹም ቢሆኑ ክፍላቸውን ሙጭጭ የሚሉት ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ዛሬ አንድ ክፍል የለቀቀ ነገ ሲቸግረው መልሶ እንደማያገኛት ያውቃል። ባዶም ብትሆን ቁልፉን መያዝ ይሻለዋል። ሁሉም እንዲህ ካሰበ ግቢው ሞልቶ ባዶ ይሆናል።

አንዲት ትንሽ ሂሳብ

በሌላው ዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ክፍልን የሚለኩበት መንገድ ለስልካችሁ ካልኩሌተር እንኳ አይከብድም። ሁለት ቁጥር ነው። ክፍሉ ከሚከፈትበት ሰዓት ስንቱን ተይዟል? በተያዘበት ሰዓትስ ከወንበሩ ስንቱ ላይ ሰው ተቀምጧል? ሁለቱን ማባዛት ነው።

ለምሳሌ ብቻ፣ 60 ወንበር ያለው ክፍል አስቡ። ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 40 ሰዓት ክፍት ነው። ስኬጁል ላይ 20 ሰዓት ተይዟል፣ ማለትም 50 በመቶ። ገብቶ የሚማረው ሴክሽን በአማካይ 24 ተማሪ ነው፣ ማለትም 40 በመቶ። ሲባዛ 20 በመቶ ይመጣል። ስኬጁሉን ያየ ሰው «ይሄ ክፍል እኮ ተይዟል» ይላል። ክፍሉ ግን ከ5 እጅ 4ቱን ተኝቷል። ተማሪ በቀነሰበት ዓመት ሁለተኛው ቁጥር ነው የሚወድቀው፤ ስኬጁሉ እንዳለ ስለሚቀጥል ወረቀት ላይ አይታይም። ለ60 ሰው በተሠራ አዳራሽ 18 ሰው ሆናችሁ ፊት ለፊት ተሰብስባችሁ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ።

አሜሪካኖቹ ለእያንዳንዱ ክፍል የአገልግሎት ኮድ ይሰጡታል። 110 መማሪያ ክፍል ነው፣ 210 ላብ ነው፣ 310 ቢሮ ነው። ኮዱ በየዩኒቨርሲቲው ተመሳሳይ ስለሆነ አንዱን ከሌላው ማወዳደር ይቻላል። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ዲፓርትመንቱን ለያዘው ስኩዌር ሜትር ከራሱ በጀት ኪራይ የሚያስከፍሉ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ኪራይ ሲመጣ የተቆለፈችው የተሰባበረ ወንበር ክፍል በአንድ ሳምንት ትለቀቃለች። እዚህም ይሁን እያልን አይደለም፤ በጀቱ ለኖራና ለወረቀት የማይበቃ ዲፓርትመንት ላይ ኪራይ መጫን ቀልድ ነው የሚሆነው። ኮዱ ግን ምንም አያስከፍልም። አንድ የኤክሴል ፋይል ነው።

ወንበሯ የማን ናት?

አሁን እውነተኛው ራስ ምታት። ዲፓርትመንት ሀ እና ዲፓርትመንት ለ ተዋሃዱ እንበል። የ«ለ» መምህራን ወደ «ሀ» ፎቅ መምጣት አለባቸው። «ሀ» ፎቅ ላይ ግን ሦስት ክፍል አንድ ፕሮጀክት ይዟቸዋል። ፕሮጀክቱ እንዲወጣ ሌላ ቦታ ይፈልጋል፣ ያ ቦታ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ማንበቢያ ነው፣ ተማሪዎቹ ወደ ላይብረሪ እንዲሄዱ ላይብረሪው ቀለም እየተቀባ ነው። ልጅ ሆነን ቁጥር እያንሸራተትን በተርታ የምናስይዝባት ጨዋታ ትዝ ትላችኋለች? ያቺ ጨዋታ የምትሠራው አንዲት ባዶ ቀዳዳ ስላለች ብቻ ነው። ቀዳዳዋ ከሌለች ምንም አይንቀሳቀስም። የቢሮ ሽግሽግም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ ማንም የእኔ የማይለው፣ ለጊዜው ማረፊያ የሚሆን ክፍል ወይም ፎቅ መኖር አለበት። ብዙ ሽግሽግ የሚበላሸው ይህ ሳይዘጋጅ «ከሰኞ ጀምሮ» የሚል ደብዳቤ ስለሚወጣ ነው።

ከዚያ ንብረቱ። የመንግሥት ቤት ውስጥ የሠራ ሰው ሞዴል 19ን እና ሞዴል 22ን ያውቃል። ዕቃ ወደ ግምጃ ቤት ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22። ጠረጴዛው፣ ወንበሩ፣ ሼልፉ፣ ኮምፒውተሩ በአንድ ሰው ስም ነው የሚወጣው። ያ ሰው ሥራ ሲለቅ ክሊራንስ የሚያገኘው ያንን ሁሉ ሲያስረክብ ነው። አሁን ቢሮው ሲዛወር የቀን ሠራተኞች መጥተው ዕቃውን አንስተው ሌላ ክፍል ከተቱት እንበል። በመምህሩ ስም የተመዘገበችው ወንበር ሌላ ሰው ጋ ናት፣ እሱ የተቀመጠባት ደግሞ የማን እንደሆነች አይታወቅም። ከሦስት ዓመት በኋላ ትምህርት ሊሄድ ክሊራንስ ሲጠይቅ «ወንበሯን አምጣ» ይባላል። ለዚህ ነው መምህራን ሽግሽግ ሲባል በር ቆልፈው የሚሄዱት። ሰነፍነት አይደለም፣ ዕዳ ፍራቻ ነው። መድኃኒቱ ደግሞ ይታወቃል፤ ዕቃው ከመነሳቱ በፊት ባለቤቱ ባለበት ቆጥሮ መለያ ቁጥሩን መጻፍ፣ አዲሱ ክፍል ሲደርስ ያንኑ ዝርዝር ማመሳከር። አንድ ከሰዓት በኋላ ይወስዳል።

ከወንበርም በላይ ግን ፋይል አለ። የተማሪ ማኅደር፣ የውጤት ማስተካከያ ደብዳቤ፣ ያልተመዘገበ ግሬድ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ኮፒ። ከተመረቀ ዓመታት በኋላ ለውጭ ሀገር ማመልከቻ ወይም ለቅጥር ማስረጃ የሚጠይቅ ሰው «በሽግሽጉ ጊዜ የት እንደገባ አይታወቅም» የሚል መልስ ቢሰማ፣ ያ የቢሮ ጉዳይ አይደለም፣ የሕይወቱ ጉዳይ ነው። ኔትወርክ መስመር ያልደረሰበት ክፍል ውስጥ ኮምፒውተር ማስቀመጥም አለ። ላብ ማዛወር ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ ውኃ፣ ፍሳሽ፣ አየር ማስወጫ፣ የኬሚካል ማስቀመጫ ያላት ክፍል በደብዳቤ አትፈጠርም።

መቼ ይዛወራል የሚለውም ቀላል አይደለም። ድሮ መልሱ «ክረምት» ነበር። አሁን ክረምቱ ራሱ ተይዟል። ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ግቢው ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ይለቀቃል፣ በላዩ ላይ የክረምት ተማሪዎች አሉ፣ ነሐሴ ጥገና ነው፣ መስከረም ምዝገባ። ስለዚህ ሽግሽጉ የሚወድቀው በጣም መጥፎ በሆነው ሰዓት፣ ተማሪ በሰልፍ ቆሞ አድ ኤንድ ድሮፕ በሚያስሞላበት ሳምንት ላይ ነው። ወረቀቷም የምትለጠፈው ያኔ ነው።

ከቤተ መንግሥቱ ጀምሮ

የሚገርመው፣ የሀገሪቱ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ራሱ የሽግሽግ ውጤት ነው። በ1942 ዓ.ም. በኮሌጅነት ተጀመረ። በታኅሣሥ 1953 የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲደረግ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው የነበሩ ሚኒስትሮችና መኳንንት እዚያው ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ግቢውን ለትምህርት ሰጡት፣ በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ተመረቀ። ዛሬ ስድስት ኪሎ የምትገቡበት ግቢ ያ ነው። የቤተ መንግሥቱ ሕንፃ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሆኖ የንጉሡን መኝታ ቤት ዛሬም ያሳያል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ «ይቺ ክፍል ትጠባለች፣ ግድግዳውን አፍርሱልኝ» አይባልም። የብራና መጽሐፍ ያለበትን መደርደሪያ ማንሳትም ጠረጴዛ እንደማንሳት አይደለም።

የዚህ ዩኒቨርሲቲ ሌላው ችግር መበታተኑ ነው። ስድስት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ፣ አራት ኪሎ፣ ልደታ፣ ጥቁር አንበሳ፣ ከከተማ ውጭ ደግሞ ቢሾፍቱ። እዚህ ውስጥ ሁለት ክፍሎችን አዋህዳችሁ አንድ ቦታ እናድርግ ስትሉ ለአስተዳደሩ የአንድ መስመር ውሳኔ ነው፣ ለተማሪው ግን በቀን ሁለት ታክሲና የተረፈደ ክላስ። የታክሲውን ዋጋ የሚከፍለው ውሳኔውን የወሰነው ሰው አይደለም።

ዊልቸር የሚጠቀም ተማሪንም እናስብ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች፣ ዊልቸር ለሚጠቀሙም ጭምር፣ መግቢያ እንዲኖረው አዟል። ብዙዎቹ የግቢ ሕንፃዎች ግን ሊፍት የላቸውም፣ ያላቸውም ሁልጊዜ አይሠራላቸውም። በየሽግሽጉ የሬጅስትራር መስኮት ወይም የዲፓርትመንት ቢሮ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ከወጣ፣ ያ ተማሪ ፊርማ ለማስፈረም ሰው ለምኖ መሸከም አለበት። ተማሪ በየቀኑ የሚመጣበት ቢሮ ምድር ላይ፣ ተማሪ የማይመጣበት ፎቅ ላይ ይሁን ማለት ገንዘብ አይጠይቅም። ግን ምድር ቤቱን አሁን ማን ይዞታል? ብዙ ጊዜ መኪናው በቅርብ እንዲቆምለት የሚፈልግ ሰው።

የተለቀቀው ክፍል ለማን?

ዋናው ጥያቄያችን ይሄ ነው። ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ከመንግሥት የሚያገኘውን በጀት በጥቅል ይቀበላል፣ የራሱን ገቢም እንዲያመነጭ ይጠበቃል። ገቢ ከምን ይመጣል? ከከፋይ ተማሪ፣ ከምርምር፣ ከማማከር። እነዚህ ጊዜ ይፈልጋሉ። በፍጥነት ብር የምትሆነው ነገር አንዲት ናት፤ ቦታ። በተለይ አዲስ አበባ መሀል፣ መንገድ ዳር ያለ ቦታ።

ኪራይን በደፈናው አንቃወምም። ባዶ ሆኖ ከሚበሰብስ ሕንፃ ገቢ ቢያመጣና ላብ ቢገዛበት ምን ክፋት አለው? የሚያሰጋን ቅደም ተከተሉ ነው። ማንም ሳይቆጥር፣ «ትርፍ» የቱ እንደሆነ ሳይታወቅ ከተጀመረ፣ መጀመሪያ የሚከራየው ትርፉ ክፍል አይሆንም። ጥሩው ክፍል ነው የሚሆነው። መንገድ ዳር ያለው፣ ምድር ላይ ያለው፣ ውኃና መብራት ያለው። ተማሪና መምህር ደግሞ ወደ ኋላኛው ሕንፃ፣ ወደ አራተኛው ፎቅ ይገፋሉ። ከዚያ ተማሪ ሲጨምር፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት ከዓመት ዓመት ትንሽ ትንሽ ከፍ እያለ ነውና፣ አምስት ዓመት የተዋዋለ ተከራይ አይወጣም። ያኔ «ቦታ የለንም፣ አዲስ ሕንፃ እንሥራ» ይባላል። ባዶ ሕንፃ እያለን ሌላ ሕንፃ ስንሠራ ደግሞ ማንም አይደነግጥም፤ ለምደነዋል።

ለዚህ ነው የክፍል ዝርዝር የሚባለው አሰልቺ ነገር የተማሪ ጉዳይ ነው የምንለው። ከመካከላችን ዩኒቨርሲቲ ገብተን ያልጨረስንም አለን፣ ስለዚህ ከዲፕሎማ ኩራት የተነሳ አይደለም። ግቢው የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ስንት ክፍል እንዳለው፣ የትኛው ባዶ እንደሆነና የትኛው በስንት እንደተከራየ ድረ ገጹ ላይ ቢለጠፍ የማንም ምስጢር አይወጣም። የተማሪዎች ኅብረት ሽግሽጉን በሚወስነው ኮሚቴ ላይ ወንበር ይኑረው ማለትም ትልቅ አብዮት አይደለም። ኅብረቱ ዛሬ የሚጠራው ብዙ ጊዜ ለምግብና ለዶርም ነው።

እስከዚያው በግቢያችሁ ቢሮ ሊዛወር ነው ከተባለ አሁኑኑ ልትጠይቋቸው የምትችሏቸው ነገሮች አሉ። ፋይሎቹን ማን ቆጥሮ ያስረክባል? ተማሪ የሚያስፈርምበት መስኮት ስንተኛ ፎቅ ላይ ይሆናል? ሽግሽጉ በምዝገባ ሳምንት ነው ወይስ ከዚያ በፊት? የሚለቀቀው ክፍል ለምን ይውላል? መልሱን በደብዳቤ ጠይቁ፣ የገቢ ቁጥር ያዙ። በቃል የተነገረ ነገር ከነፋሱ ጋር ይሄዳል።

የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶም ላኩልን፣ ስማችሁን አንጽፍም። የግቢውን ስም፣ ቀኑንና ቢሮው የነበረበትን ፎቅ ጨምሩበት፤ በሩን ከፍታችሁ ማየት ከቻላችሁ ደግሞ አሁን ውስጡ ማን እንዳለ።